አሜን በሁለት እጅ

ዘመኑ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቱ እየመረቁት ነበር።

ከላሊበላ እስከ ኩልመስክ በእሱ ሚኒባስ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቁት የሚኒባሷ ባለቤት እትዬ አስቻለች ብቻ ነበሩ። ለእሳቸው «መሪው እየነቀለብኝ ነው» ብሎ ነው የነገራቸው። እትዬ አስቻለችም አምነው መካኒክ ጠሩ፤ መካኒኩ መሪዋን ፈታ፣ አየ፣ መልሶ ገጠመ፤ እንከን አላገኘባትም። ከየት ያገኝባታል? መሪዋ ጤነኛ ነበረች፤ በሽታው ያለው የሚለቃት ሰው ዘንድ ነው።

የነገሩ መነሻ ስልክ ነው። የዘመኑ እናት እማማ ጥሩነሽ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለች መንደር ይኖራሉ። እጃቸው ስልክ ከገባ ወዲህ ልጃቸውን ሳይመርቁ ውለው አያውቁም። ጠዋት ከብቶቹን አሰማርተው ኔትወርክ ወደሚገኝባት ጉብታ ይወጣሉ፤ እሳቸው ጉብታው ላይ ሲደርሱ እሱ ደግሞ ገነተ ማርያምን አልፎ ጠመዝማዛውን ይጀምራል። ከቀኑ ሰዓት ሁሉ ይቺን የመረጠላቸው ማን እንደሆነ እንጃ። ስልኩ እንደተነሳ ደህና አደርክ የለ፣ ምን የለ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እጅህን ዘረጋህ?

ወሎ ውስጥ ምርቃት የሚቀበሉት እጅ ዘርግተው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱ አሜን ሌላው አሚን ይላል። ባልተዘረጋ እጅ ላይ የወረደ ምርቃት ውሃ ነው፤ መሬት ይጠጣዋል። እየተመረቀ የሚዋሽማ ጭራሽ ምርቃቱ ዞሮ እርግማን ይሆንበታል። ይህን ዘመኑ ከጡት ጋር ነው የጠባው፤ ስለዚህ እናቱ ሲጠይቁት እውነቱን ይናገር ነበር፤ አንዱ እጄ ስልክ ይዟል፣ የምቀበለው በአንዱ ነው ይላቸዋል። እሳቸውም በግማሽ እጅ የተቀበሉት ምርቃት የትም አያደርስም እያሉ ያዝኑበታል። ከላሊበላ መውጫ የሚቆመው ትራፊክ ደግሞ ስልክ ይዘህ ነዳህ እያለ ይቀጣዋል። እናት በአንድ በኩል፣ ሕግ በሌላ በኩል፤ መሀል ላይ ዘመኑ።

በመጨረሻ ወልዲያ ወርዶ ያቺን ጥቁር ዕቃ ገዛ። ሻጩ ብሉቱዝ ነው ብሎታል። ከፊት ለፊት ከፀሐይ መከላከያው ላይ ትሰካለች፤ ስልክ ሲጠራ ማንም ሳይነካት ራሷ ታነሳለች፤ የደዋዩንም ድምፅ መኪናው ሙሉ ትለቀዋለች። ትራፊኩ አይቶ አመሰገነው። እናቱ ሲሰሙ ከትራፊኩ ይበልጥ ደስ አላቸው፤ እንዲህ ከሆነማ ከዛሬ ጀምሮ አሜን በሁለት እጅ ነው አሉ።

ያቺን ዕቃ የሠራት ሰው፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ የሹፌር ሁለት እጅ መሪ ላይ እንዲውል አስቦ ነው የሠራት። ላስታ ደርሳ ሁለቱንም እንደምታስለቅቅ በምን ይወቅ? ዘመኑ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ፣ መኪና እኮ ካልያዟት ትስታለች ብሎ ለእናቱ ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ግን ተገረሙ። የአባትህ በቅሎ አንዴ የረገጠችውን መንገድ በጨለማም ትሄድበት ነበር፤ ይቺ መኪና ይህን ያህል ተመላልሳ እንዴት እስካሁን አልለመደችውም አሉት።

የመጀመሪያው ጊዜ በጥር ነው። እናቱ «ጎማህ አይፈንዳ፣ ፍሬንህ አይክዳህ» እያሉ ሲመርቁ ዘመኑ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ተሳፋሪውስ? የወሎ ሰው ምርቃት በአጠገቡ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ የማንም እናት ብትሆን እጁን ዘርግቶ ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ መኪናዋ ውስጥ መንገዱን የሚያይ አንድም ዓይን አልነበረም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሚኒባሷ እስከ መስታወቷ የጭድ ክምር ውስጥ ገብታለች። የጭዱ ባለቤት ዱላውን ይዞ እየተንደረደረ መጣ፤ ምርቃቱ ግን ገና አላለቀም ነበርና በሩ ላይ ሲደርስ ዱላውን ብብቱ ሥር ከቶ እሱም እጁን ዘረጋ።

ሁለተኛው ባሰ። ያን ቀን እናቱ «ልጄን ገደል...» ብለው ሳይጨርሱ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አሁን ምን ይደረጋል? ያላለቀ ምርቃት ላይ እጅ አይታጠፍም፤ በዚህ በኩል ደግሞ ነገሩ ገደል ላይ ቆሟል። ዘመኑም ተሳፋሪውም እጃቸውን እንደዘረጉ ቀጣዩን ይጠብቁ ጀመር። መኪናዋ ግን አልጠበቀችም፤ የእርሻ ዳር የድንጋይ ካብ ገጭታ አንድ የፊት መብራቷን ሰባበረች። ይሄኔ የእማማ ጥሩነሽ ድምፅ ተመልሶ መጣና «...አይንካው» አለ። እውነትም ገደል አልነካውም።

እትዬ አስቻለች የተሰበረውን መብራት ዞር ብለው አዩና ዘመኑን ጠሩት። ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው፤ ሚኒባሷ ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን ያፈሯት ንብረት ናት፤ የላሊበላ ሹፌር ሁሉ ይፈራቸዋል።

«ነገ እኔው ጋቢና እቀመጣለሁ» አሉት። «መሪው ነቃይ ከሆነ በዓይኔ አየዋለሁ። ካልሆነ ቁልፌን ተቀብዬህ እመለሳለሁ።»

ዘመኑ ስንት ዓመት ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራ ቅሞ፣ የሰው ጆንያ ተሸክሞ ነው ያቺ ቁልፍ እጁ የገባችው። የአባቱን መሬት ወንድሞቹ ተከፋፍለውታል። ቁልፏ ከሄደች የሚመለስበት በር አልነበረውም።

አመሻሽ ላይ፣ እናቱ ከብቶቹን ሊመልሱ ጉብታዋ ላይ በሚወጡበት ሰዓት፣ ደወለ። ነገ አትመርቂኝ ሊላቸው ነው ሐሳቡ። ግን ይህን የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ገና ሲንተባተብ እሳቸው ጭንቅ ብሎት ነው ብለው አንድ ምርቃት ጨመሩለት። ስልኩን እንዳያጠፋው፣ ከዚህ በፊት ባትሪ ዘግቶበት እናቱ ልጄ ገደል ገባ ብለው ዘመድ አዝማድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ላሊበላ ድረስ ሊያለቅስ መጥቶ ያውቃል። ብሉቱዟን እንዳይነቅላት ስልኩን በእጁ ሊይዝ ነው፤ በእትዬ አስቻለች ፊት ይህ ከሁሉ ይከፋል። ዞሮ ዞሮ ነገሩን ለቅዱስ ላሊበላ ሰጥቶ ተኛ።

በማግስቱ የኩልመስክ ገበያ ነበር። እትዬ አስቻለች ነጠላቸውን አጣፍተው ጋቢና ተቀመጡ። ከበስተኋላቸው የጨርቅ ነጋዴው አባስ ጥቅሉን አቅፎ ተቀመጠ፤ ገነተ ማርያም ላይ መምሬ ታፈረ ገቡ። ሁለቱም የዘመኑ ደንበኞች ናቸው፤ በጭዱም በካቡም ጊዜ ነበሩ። ዛሬ ግን ባለቤቷን ጋቢና ሲያዩ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ዘመኑ እንደዚያን ቀን አስተካክሎ ነድቶ አያውቅም። እትዬ አስቻለች መሪዋን አተኩረው ያያሉ፤ መሪዋ ንቅንቅ አትልም።

ጠመዝማዛው ላይ ብሉቱዟ ጮኸች፤ ራሷ አነሳች።

«ዘመኑ፣ እጅህን ዘረጋህ?»

ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በልማዱ መዳፉን ገለበጠ። የዘመኑም ጣቶች ሳያዛቸው ከመሪው ብድግ አሉ፤ መለሳቸው፤ እንደገና ብድግ አሉ። እትዬ አስቻለች ዓይናቸውን ከመሪዋ አንስተው ጣቶቹን ማየት ጀመሩ። በስተቀኝ ገደሉ አፉን ከፍቷል። «ዘርግቻለሁ» ቢል ሁሉም ነገር ሰላም ነበር፤ እናቱ ይመርቃሉ፣ ቁልፏም እጁ ላይ ትቀራለች። ግን ምርቃት ላይ ሊዋሽ ነው፤ ያውም በዚህ ቁልቁለት፣ ያውም ቄስ ጭኖ።

«አልዘረጋሁም እማዬ።»

«ምን አስቀየምሁህ ልጄ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ፤ ድምፃቸው ሟሟ።

«መሪ ይዤ ነው። ብለቀው ገደል ነው።»

«እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬ እየለቀቅሁት ነበር። ጭድ ውስጥ የገባሁትም፣ መብራቷን የሰበርሁትም በዚሁ ነው። መሪው ምንም የለበትም እማዬ፤ ለእትዬ አስቻለች ዋሽቻቸው ነው።»

ከኋላ አባስ ቀስ ብሎ «አብሽር» አለ። እትዬ አስቻለች ግን ወደ ኋላም አላዩም። «አቁም» አሉ።

ዘመኑ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዞ አቆመ፤ የእጅ ፍሬን ያዘ፤ ቁልፉን ነቀለና፣ ለታላቅ በአንድ እጅ አይሰጥምና፣ በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣቸው። እሳቸውም ተቀብለው ጨበጡት። ያን ጊዜ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ለመሆኑ» አሉ እትዬ አስቻለች፣ «ስልኩ ሲጠራ እንዲህ ማቆም አይቻልም ነበር?»

መምሬ ታፈረ አባስን አዩ፤ አባስ የጨርቅ ጥቅሉን አየ። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ጭድ ከጆሮው ሲያወጣ ከዋለው ሁሉ፣ ይህን ያሰበ አንድም አልነበረም።

እማማ ጥሩነሽ ጉብታቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ቆማችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ዘመኑ አዎ ቆመናል፣ ባለቤቷም አብረውን ናቸው አላቸው።

«እንግዲያውስ ደህና አድርጌ ልመርቃችሁ» አሉ። «እስከ ዛሬ መንገደኛ ናችሁ ብዬ አሳጥሬው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የመረቁትን ማን ይዘልቀዋል? ከላሊበላ ጀምረው ታቦታቱን አንድ በአንድ ጠሩ፤ አራቱን ጎማ ለየብቻ መረቁ፤ ትርፍ ጎማዋን አልረሱም። የነጋዴውን ጥቅል፣ የቄሱን መቋሚያ፣ መካኒኩን ሳይቀር መረቁ። አባስ ክንዱ ዝሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። መምሬ ታፈረ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት መቆም የለመዱት እንኳ አንዴ እጃቸውን አውርደው አንቀሳቅሰው መለሱት። እትዬ አስቻለች መጀመሪያ ቁልፉን ጨብጠው ፊታቸውን አዙረው ነበር። «እናት ለሌላት እናት ይሁናት» ሲባል ግን ዞር አሉ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የመረቃቸው ሰው የለም፤ የሚፈራቸው እንጂ። ደስ አላቸው፤ ሆዳቸውም ባባ። ቀስ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉ በቀኝ መዳፋቸው ላይ ተጋድሟል።

«የልጄን እንጀራ የያዘች እጅ...» አሉ እማማ ጥሩነሽ፤ ኔትወርኩም ተቋረጠ።

ማንም እጁን አላጠፈም። ሁሉም ቁልፉን ያያል። ነገሩ ወዴትም ሊሄድ ይችላል፤ ትባረክም አለ፣ ትድረቅም አለ፤ የላስታ እናት ሁለቱንም አሳምራ ትችልበታለች። መምሬ ታፈረ የመኪናዋን ጣሪያ ያዩ ጀመር። ከባለቤቷ በስተኋላ የነበረው አባስ ጥቅሉን አቅፎ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለ። ብሉቱዟ ጭጭ።

እትዬ አስቻለች ቀኝ እጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። በዚያ እጅ ነው ቤት የሠሩበት፣ የሚቆርሱበት፣ የሚያማትቡበት። ትንሽ ታገሡ፤ አሁንም ድምፅ የለም። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ቁልፉን ከዘመኑ መዳፍ ላይ አስቀመጡና መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ይሄኔ ብሉቱዟ ነቃች። «...ትባረክ።»

«አሜን» አለ መኪናው ሁሉ። እትዬ አስቻለች ባዶ እጃቸውን አዩ፤ ቁልፉን አዩ፤ እንደገና ባዶ እጃቸውን አዩ። ዘመኑ ደግሞ የዋህ ነውና፣ ይመለስ እንዴ ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«ተወው» አሉ፤ ከንፈራቸው ሳቅ ሲታገል ይታያል። «ከእጄ ወጥቷል። ከእንግዲህ ግን እናትህ ሲደውሉ ትቆማለህ። ደግሞ ንገራቸው፤ ነገም ሲመርቁ እኔንም ይጥሩኝ።»

ኩልመስክ ሲደርሱ ገበያው ተበትኖ ነበር። መንገዱን ሙሉ መምሬ ታፈረና አባስ ሲከራከሩ መጡ። መምሬ ታፈረ የተባረከችው ምርቃቱ ሲጀመር ቁልፉን ይዛ የነበረችው እጅ ናት ይላሉ፤ አባስ ደግሞ፣ የለም፣ ሲያልቅ የያዘችው ናት ይላል። እትዬ አስቻለች የራሳቸውን እጅ እያገላበጡ በመምሬ ታፈረ ቃል ረጉ። አንተስ ምን ትላለህ ብለው ዘመኑን ጠየቁት። ዘመኑ ግን ክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ሁለት እጁ መሪ ላይ ነበር።