የተተረተረ ጫፍ

በሩ ሲንኳኳ ውሻው ከለቅሶ ደራሾቹ እግር መሃል ብድግ አለና እየተጋፋ ወደ ጥጉ ወንበር ሄደ። ወንበሩ ላይ ሰው የለም፤ የሟች ኮት ብቻ መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ውሻው የኮቱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ጎተተ። ኮቱ ወደቀ። ውሻው ኮቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ደግሞ ጎተተ።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይሄን ውሻ አንድ በሉልኝ!» አለች አክስት፣ የሻይ ፔርሙዝ በእጇ እንደያዘች። «የወንድሜን ኮት መጫወቻ ያድርገው?»

የሟች ልጅ ኮቱን አንስታ አራግፋ መልሳ ሰቀለችው። ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ የወደቀ ታነሳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች። እንባዋ ግን ወይ ፍንክች! ሰው ሲያወራት አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ ነገሩ ጆሮዋ አይገባም። ሴቶቹ ጥግ ይዘው «ምን ዓይነት ልብ ነው እቴ?» ይባባላሉ። እሷም ራሷን ትታዘባለች። አባቷን ትወደው ነበር፤ ታዲያ ያ ሁሉ የት ገባ?

አባቷ አናጢ ነበር። የመጋዝ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን ሲጮህበት ኖሮ በመጨረሻ ጆሮውን ይዞበት ሄደ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ይነግረው ነበር፤ በኋላ ሰለቸው። ማዕድ ላይ ሁሉም ሲስቅ እሱ ፊት ፊታቸውን እያየ «ምን አለ? ምን አላችሁ?» ይላል። ከመሃል አንዱ «ተወው አባዬ፣ ምንም አይደል» ይለዋል። እሱም እሺ ብሎ ሳህኑ ላይ ያቀረቅራል።

ከዚያ ይሄ ውሻ መጣ። የሰጋቱራ ክምር ውስጥ ተኝቶ የተገኘ፣ አንድ ጆሮው የተንጋደደ ቡችላ። ማንም ምንም አላስተማረውም። አንድ ቀን ደንበኛ በር እየደበደበ፣ አናጢው ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ሲልግ፣ ቡችላው የሱሪውን የቀኝ እግር ጫፍ ነክሶ ጎተተው። «ሂድ ወዲያ!» ቢለው፣ በእግሩ ገፋ ቢያደርገው፣ ወይ መልቀቅ! አስነስቶ በሩ ድረስ ወሰደው። ስሙም በዚያው ደወል ሆኖ ቀረ። በር ሲንኳኳም፣ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭም ደወል ይጎትታል፤ አባትየው የውሻውን ግንባር ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ይለዋል። ምኑን ሰምቶ!

«አባዬ፣ ከኛ ይልቅ ውሻውን ትሰማለህ እኮ» ብላ ቀልዳበት ነበር አንዴ።

«እሱ ‹ተወው› አይለኝማ» አላት እየሳቀ።

እሷም ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከውስጧ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሌላው ስቆ ሲጨርስ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ጉልበቱን ይዛ፣ ቀልዱን እስኪገባው ትደግምለት ጀመር። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ብቻውን ሲስቅ ደስ ይላት ነበር።

አሁን አክስት የሟችን ልብስ እያጣጠፈች ነው። «ጉድ እኮ ነው! የሱሪው ሁሉ ቀኝ እግር ተተርትሯል። ይሄን ለማን ይሰጡታል?»

የልጅቱ ታላቅ ወንድም ጎንበስ ብሎ የውሻውን ሳህን አየ፤ የቀረበለት ምግብ አልተነካም። «ውሻውን የሰፈራችን መጋዘን ዘበኛ ዛሬ ይወስደዋል፤ ተነጋግረናል። እዚህ ምን ያደርጋል? ሥራው አባዬ ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እንደፈለግክ ጋሼ» አለች። የእውነቷን ነው፤ ምንም አልተሰማትም።

እንግዶቹ ሲወጡ ወንድሟ ወንበሮቹን ሊመልስ ወደ ጓሮ ሄደ። እሷ ደክሟት ቁጭ አለች። የተቀመጠችው የአባቷ ወንበር ላይ መሆኑን ልብ አላለችም።

በሩ ተንኳኳ። ሰምታለች፤ መነሳት እንዳለባትም ታውቃለች። ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

ደወል ተነስቶ መጣ። ኮቱን አልነካም። ጉልበቷን አሸተተ፣ ቆየ፣ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ ጎተተ።

«ተወኝ ደወል።»

ጎተተ።

«ተወው አልኩህ! ምንም አይደል!»

ቃሉ ከራሷ አፍ ሲወጣ ሰማችው። የቀሚሷ ስፌት ተተረተረ፤ ውሻው አልለቀቀም። እየጎተታት ተነሳች፣ እየጎተታት ሄደች፣ በሩን ከፈተች።

አንድ አዛውንት ገመድ በእጃቸው ጠቅልለው ቆመዋል። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ውሻውን ልወስድ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ በከንቱ አደከምንዎት» አለች። «ደወል የትም አይሄድም። እዚህ ሥራ አለው።»

«አንቺ፣ ተነጋግረን የለም እንዴ?» አለ ወንድሟ ከጓሮ እየመጣ።

ዞር ብላም አላየችው። ቁጢጥ ብላ ከውሻው ጥርስ ላይ የቀሚሷን ክር አወጣችለት። ግንባሩን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«ሰማሁ» አለችው።

ሁለተኛውን ልትል ስትል ልቅሶው ቀደማት።