ያልደረቀ አግዳሚ

ባለቤቴ ወልደሰማያት ደስ ሲለው አይናገርም፤ ሲከፋውም አይናገርም። «ዝም አይነቅዝም» የምትለዋን ተረት እንደ ዳዊት ይደግማታል። ስለዚህ የልቡን የማውቀው ከአፉ ሳይሆን ከእጁ ነው። ሲናደድ ሱቁን ይጠርጋል፤ ሲጨነቅ የሚዛኑን ድንጋዮች እያወጣ ያጥባል። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ፣ መጋዝና መዶሻ ይዞ፣ ዶሮ የሚያድርበትን አሮጌ አግዳሚ ከጓሮ እየጎተተ ሲያወጣ ሳየው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ልጃችንን ሊሰጥ ቆርጧል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ውባየሁ እዚሁ ጂንካ ታስተምራለች። የሚፈልጋት ልጅ አንጁሎ ይባላል፤ የአሪ ልጅ ነው፣ የከብት ሐኪም ረዳት፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራው ላይ የማይለግም። እሷም ትወደዋለች። እኔም ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ? የቸገረው አባትየው ነው። ከመንዝ ተነስቶ እዚህ ድረስ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ልጁን ለጴንጤ ሲሰጥ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቹ ምን ይሉኛል ብሎ ይፈራል። ጊዜውም የጴንጤዎች ጊዜ አልነበረም። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ ሰው ከእነሱ ጋር ቆሞ መታየት እንኳ የሚያስፈራበት ዘመን ነበር።

የአንጁሎ ሽማግሌዎች ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። በእኛ ወግ ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። «ቁጭ በሉ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ካልተባለ እንደቆመ ተናግሮ እንደቆመ ይመለሳል። ወልዴ ሁለቱንም ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ብሎ እንደቆሙ ሸኛቸው። አሁን ደግሞ አንጁሎ ወደ ኦሞራቴ ተዛውሮ ሊሄድ ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ተሰማ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ «እሁድ ጠዋት እንመጣለን። ከዚህ በኋላ ግን አንመጣም፤ እኛም ፊት አለን» ብለው ላኩብን። ውባየሁ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ራትም አልበላችም።

እንግዲህ አግዳሚውን ሳይ ለምን ደስ እንዳለኝ ገባችሁ። ያ አግዳሚ የአማቴ ነው፤ የዋንዛ እንጨት፣ ባለ መደገፊያ፣ አራት ሰው አስቀምጦ ቦታ የሚተርፈው። ከአገር ቤት በጭነት መኪና አናት ላይ ተጭኖ፣ ወይጦ በረሃ ላይ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ነው የደረሰው። ኋላም አንዱን እግሩን ምስጥ በላውና ወደ ጓሮ ተጣለ። የሳሎን ወንበሮቻችን በዚያ ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄደው ነበር፤ የጎረቤቱም ሁሉ እዚያው ነው። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነገር ቢፈለግ ከዚያ አግዳሚ በስተቀር የለንም።

ወልዴ የተበላውን እግር ቆርጦ በአዲስ ተካ። ስንጥቁን በኮላ አጣብቆ በገመድ አሰረው፤ የዶሮውን ኩስ ፋቀ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገው ጀመር። ውባየሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከች። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እሷ ሌላውን ጫፍ ሲፈትጉ ቆዩ።

«አባባ፣ ይሄ ለማን ነው?» አለችው።

«ለሰው» አላት።

እሷም ያን ቀን ራት በላች።

እዚህ ድረስ ነገሩ የተባረከ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከምስጡ ነው። ጂንካ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ምሰሶውን ሳይተክል በፊት ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ ምስጥ ያን ነገር አይደፍርም። ወልዴም ከቀይ አፈር ከተማ ከመጣ ሾፌር አንድ ጣሳ ለምኖ አመጣ። እግሩን ብቻ ቢቀባ ምን ነበረበት? ልጄን የምሰጥበትን አግዳሚ ዳግመኛ ምስጥ አይነካውም ያለ ይመስል፣ እግሩንም፣ መቀመጫውንም፣ መደገፊያውንም አጠጣው። እንጨቱ እንደ ጋን ጠቆረ።

«እንጨቱ ዘይቱን ይጠጣ እንጂ፤ ትንሽ ቀን ስጠው» አልኩት።

«እሁድ ደረሰ እኮ» አለና የሱቁን በር ቀብተን የተረፈንን ሰማያዊ ቀለም አወጣ። ቀለሙ በቆይታ እንደ ገንፎ ወፍሯል። ማቅጠኛው አኳራጅ ከተማው ውስጥ የለም። ስለዚህ ላምባ ጨመረበት። በዘይት ላይ ቀለም፣ በቀለም ውስጥ ላምባ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የሰማ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ግን ሲቀባ ፊቱን ብታዩት እናንተም ዝም ትሉ ነበር። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ አንዲት ፀጉር ከብሩሹ ወድቃ ብትጣበቅ በጥፍሩ እየለቀመ፣ እንደ ሕፃን ይጠነቀቅ ነበር። ሲጨርስ አግዳሚው ሲያዩት ያምራል፤ ያን አልክድም።

አርብ ጠዋት ነካሁት፤ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። ቅዳሜ ዘነበና ወደ ሳሎን አስገባነው። ከሥሩ ፍም አደረግኩለት፤ ቤቱ በላምባ ሽታ ተሞላ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። እሁድ ጠዋት ስነካው ጭራሽ ከአርቡ የላላ መሰለኝ። ጋቢ ላልብሰው ስል ወልዴ «ይጣበቃል!» ብሎ ጮኸብኝ። ከጎረቤት በርጩማ ልለምን ነጠላዬን ስከናነብ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል የአቶ ተሰማ ድምፅ ተሰማ። እኔና ውባየሁ እንደ ወጉ ወደ ጓዳ ገባን፤ እንደ ወጉ ባይሆንም በመጋረጃው ቀዳዳ ማየት ጀመርን።

ሦስት ሆነው ገቡ። አቶ ተሰማ ራሳቸው የሰፉትን የሱፍ ሱሪ ለብሰዋል። ሁለተኛው የአንጁሎ አጎት አቶ ዳርጌ ናቸው፤ ገበሬ፣ ረጅም፣ ነጭ ኮትና ሱሪያቸው እንደ ታቦት ልብስ የነጣ። ሦስተኛው አቶ ኤርጎ ሲሆኑ ከታሸገው ጸሎት ቤት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ እሳቸው ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ ነው። ሦስቱም አግዳሚውን አልፈው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አቶ ወልደሰማያት፣ ደጅዎን ስንረግጥ ይኸው ሦስተኛችን ነው። ልጅዎን ውባየሁን ለልጃችን ለአንጁሎ ይስጡን። እርስዎ አባት ይሁኑት፤ እሱም ልጅ ይሁንዎ።»

የወልዴ ዓይን ወደ አግዳሚው ሄደ፤ ወደ አቶ ዳርጌ ነጭ ሱሪ ሄደ፤ እንደገና ወደ አግዳሚው ተመለሰ። እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ የሚያስበውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። «ቁጭ በሉ» ካለ የሰው ልብስ ያበላሻል። «ቀለሙ አልደረቀም» ካለ፣ አግዳሚ መቀባት እንኳ የማይችል ሰው ሆኖ በአማቾቹ ፊት ሊዋረድ ነው። ስለዚህ ያንኑ የለመደውን አደረገ፤ ዝም አለ።

አቶ ተሰማ ወደ አግዳሚው አዩ፤ አቶ ኤርጎም ቀና ብለው አዩት። እንዲህ አሸብርቆ መሀል ቤት የተቀመጠ፣ ባዶ፣ ማንም ተቀመጡበት ያላላቸው አግዳሚ። በመጨረሻ የተናገሩት አቶ ዳርጌ ናቸው።

«እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ አግዳሚ ግን ገብቶኛል። ሌላ ጊዜ እዚህ ቤት አልነበረም። አሁን አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ለሰው ነው የተቀባው። እኛ ግን ሰው አይደለንም።»

ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ በሩ ዞሩ። ሁለቱም ተከተሏቸው።

ውባየሁ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እኔ ወግ ይጥፋ፣ ስሜ ይጥፋ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ። ነገር ግን አንድ ቃል ሳይወጣኝ ወልዴ ቀደመኝ። ያ ዝምተኛ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ ሌባ ሲይዝ እንኳ ድምፁን የማያሰማ ሰው፣ ጣራው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ።

«ኧረ ልጅቷንስ ሰጥቻለሁ! እንቢ ያለው አግዳሚው ነው!»

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ወልዴ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ መዳፉን መቀመጫው ላይ ለጥፎ አነሳና ሰማያዊ እጁን ለሽማግሌዎቹ ዘረጋ። «ለእናንተ ብዬ ነው የቀባሁት። ዘይት አበዛሁበት። ላምባ ጨመርኩበት። አልደርቅ አለኝ! ምን ላድርግ?»

አቶ ተሰማ ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ ኤርጎ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አቶ ዳርጌ ብቻ አልሳቁም። ተመልሰው መጥተው ወልዴ ፊት ቆሙ።

«ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ከልብ?»

«ደስ ብሎኝ» አለ ባለቤቴ። ደስ ብሎኝ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔን ሲያገባ እንኳ አላለም።

«እንግዲያው እንቀመጣለን» አሉ አቶ ዳርጌ። «ቆመን የተቀበልነውን ነገር ብንናገር ማን ያምነናል?» ነጩን ኮታቸውን እንኳ ሰብሰብ ሳያደርጉ ተቀመጡ። ቀለሙ ልጥፍ አለባቸው። አቶ ኤርጎ ቀጠሉ። አቶ ተሰማ ሱሪያቸውን እያዩ ትንሽ አንገራገሩና «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብለው እሳቸውም ተቀመጡ። በቀረው ቦታ ወልዴ ራሱ ገባ። አራቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲታዩ እኔም የጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔም አላወቅሁም፤ ብቻ ለወራት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ ወረደልኝ። ውባየሁ ወጥታ የሁሉንም ጉልበት ሳመች። አባቷ ሊያቅፋት እጁን ካነሳ በኋላ ቀለሙን አይቶ ሲያቅማማ፣ እሷ ራሷ ገብታ ታቀፈች።

ስለ ቀለበቱም ስለ ሠርጉም ተነጋግረው ሲያበቁ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኘናቸው። ከበራችን ላይ ከብት የሚግጥበት የአውሮፕላን ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል። አንጁሎ ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር። አቶ ተሰማ ከሩቅ ሲያዩት ለሁለቱ አንድ ነገር ሹክ አሉ። ሦስቱም ወዲያው ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ከቀብር የሚመለሱ መስለው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እኛ ከኋላቸው የምናየው ሰማያዊ መቀመጫቸውን ነው።

ልጁ ብድግ አለ። ፊታቸውን አየ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱለት በአጠገቡ አለፉ። ኮፍያውን አውልቆ እንደቆመ ቀረ፤ አቋሙ ብቻ አንጀት ይበላል። ውባየሁ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» አለች፤ እኔም በልቤ አቶ ተሰማን ረገምኳቸው።

ከዚያ አንጁሎ ሲሄዱ ሊያያቸው ዞር አለ። ሦስቱንም ከኋላቸው አየ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳቃቸውን ለቀቁት፤ እሱ ግን አልጠበቃቸውም፣ ምንም አልጠየቃቸውም። ኮፍያውን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ በከብቶቹ መሀል እየሮጠ ወደ እኛ ቤት መጣ።