ፍታኝ

የሀገረ ስብከቱ ቢሮ የዓመቱን ሪፖርት ላክ ብሎኛል። ያጠመቅኳቸው ሠላሳ አንድ፣ ያጋባኋቸው ስድስት፣ የቀበርኳቸው አሥራ ዘጠኝ። ኑዛዜ የሰማኋቸው ስንት ናቸው የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ከቀበርኳቸው አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ አናጢ ነበር። እሱ ራሱ ከተናዘዘ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችንን መናዘዣ ግን በእጁ የሠራው እሱ ነው። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ መሐላቸው ወንፊት መሳይ መስኮት። በአንዱ እኔ እቀመጣለሁ፣ በሌላው ተናዛዡ ይንበረከካል። የመንበርከኪያው ሳንቃ ሰው ሲያርፍበት ሲጢጥ ይላል። አስተካክልልኝ ስለው፣ «ተወው፣ አንተ እንቅልፋም ነህ፤ እሱ ይቀስቅስህ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከቀሰስኩ ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ይልና፣ «ይፍቱኝ፣ አባ!» ይለኛል። በልጅነቴ በጀርባው ያዘለኝ ሰው አንቱ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። «እግዜር ይፍታህ፣ አንተ ሽማግሌ!» ብዬው አልፋለሁ። ሃያ ዓመት እንዲሁ ስንቀላለድ ኖርን።

አንድ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ልብሴን ስለብስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ኮት ለብሷል። «ፍታኝ» አለ። ደወሉ ተደውሏል፣ የመቀነቴ ቋጠሮ አልያዝ ብሎኛል፣ ዞሬም በቅጡ አላየሁት። «እግዜር ይፍታህ! በኋላ ና፣ እንጫወታለን» ብዬው ወጣሁ።

ረቡዕ ዕለት ሥራ ቦታው ወድቆ ተገኘ፤ ልቡ ነው አሉ። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከሳጥኑ ፊት ቆሜ ጸሎቱን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ዕለት «ይፍቱኝ» አላለኝም። አንቱታው የለም፣ ሳቁ የለም። ሰላምታ መስሎኝ መልሼ የሸኘሁት ኑዛዜውን ነው።

ከቀብሩ ማግስት ሚስቱ መጣች። «ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ ነበር፣ አባ። ‹ምን ብዬ ልጀምር?› ይለኛል። ሰሙት አይደል?»

ዓይኗ አንጀቴን በላው። «ሰምቼዋለሁ» አልኳት። ተመስገን ብላ እጄን ስማ ሄደች። ቄስ ሆኜ፣ በሞተ ወንድሜ ነፍስ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻዋ ተናዛዥ ከወጣች በኋላ፣ ሳንቃው ሲጢጥ አለ። ከወንፊቱ ማዶ ማንም አይታይም። የእንጨት ሙጫ ሸተተኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ «ፍታኝ» አለ። ዘልዬ ወጥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት፤ ባዶ ነው። ሳንቃውን ስነካው ግን ሰው አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቃል።

በየቅዳሜው መጣ። አንዴ እንደ ምንም ብዬ፣ «እፈታሃለሁ» አልኩት። ግን ያልሰማሁትን ምኑን ነው የምፈታው? ሌላ ጊዜ፣ «ተናገር፣ ጋሼ፣ እየሰማሁህ ነው» ብዬ ለመንኩት። የሚመልስልኝ ያችኑ አንዲት ቃል ነው። ሳንቃውን በምስማር መታሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። ምእመናኑ ምነው አባ አመድ መሰሉ ሲሉኝ ጨጓራዬ ነው እላለሁ። ውሸት አንዴ ከለመዱት አያስቸግርም።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሳንቃው እስኪጮኽ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ በተናዛዡ በኩል ገባሁና ተንበረከክሁ። ሳንቃው ከሥሬ ሲጢጥ አለ። ወዲያው ከወንፊቱ ማዶ፣ አሁን ትቼው የመጣሁት ወንበር፣ ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ ተንቋቋ።

«ጋሼ፣ አልሰማሁህም» አልኩ። «ለሚስትህ ደግሞ ሰምቼዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። ፍታኝ።»

ከዚያ ያ የማውቀው ሳቅ መጣ።

«እግዜር ይፍታዎ፣ አባ! በኋላ ይምጡ፣ እንጫወታለን።»

ነገ ጠዋት ሚስቱ ዘንድ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። በኋላ ያለኝ መቼ እንደሆነ አላውቅምና መዘግየት አልፈልግም።