ብርቄ ቤሌ የወረደች ጊዜ

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ብሩ የሚባል የወላይታ ሶዶ ነጋዴ ጥጥ ሊገዛ ወደ ቆላው ቤሌ እንደወረደ ንዳድ ጣለውና እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ሶዶ የደረሰው መርዶውና በቅሎው ብቻ ነበር። ሚስቱ ሽታዬ ጸጉሯን ተላጭታ ሐዘን ተቀመጠች። የሰፈሩ ሴቶች ግን ልጅቱ ትደነግጣለች ብለው ትንሿን ልጇን ብርቄን ለቅሶው እስኪያልፍ ጎረቤት ቤት አቆዩአት። ስትመለስም "አባትሽ ገበያው አልቀና ብሎት ቤሌ ከርሟል" አሏት።

ብርቄ አመነች። ጉዱም የመጣው በማመኗ ነው። በገበያ ቀን ከአጥሩ ውጪ ቆማ ከቆላ የሚወጣውን የጭነት ከብት ሁሉ ስትቃኝ ትውላለች። ለምሳ ሲጠሯት "አባዬ ሲመጣ" ትላለች። እያደር ከሳች፤ በትንሽ በትልቁም መነጫነጭ ያዘች።

ይህን ሲያይ አላስችለው ያለው የሽታዬ ታላቅ ወንድም ተክለጻድቅ ነው።

"ይህች ልጅ ስትጠብቅ ልታልቅ ነው። እኔ ልንገራት" አላት እህቱን።

"አፍህ እሺ ይልሃል ጋሼ?"

"እሺ ባይልም እነግራታለሁ። ከዚያ መቃብሩን ወስጄ አሳያታለሁ።"

ሽታዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። "እንግዲያው ለመንገዱ ደህና አድርገህ አልብሳት" አለች።

ተክለጻድቅ ልጅቱን አጥሩ ሥር አገኛትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ብርቅዬ፣ አባትሽ አይመጣም። ታሞ ሞቷል።"

ትኩር ብላ አየችው። "አኩርፌው ነው?"

"ምን አልሽ?"

"ሲሄድ ሲስመኝ ጉንጬን ጠረግሁት።"

"የለም የኔ ልጅ! ሞቱ ከንዳድ ነው፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም። ያን ዕለት የሸኘሁት እኔ ነኝ። 'ጺሜ ወጋት' እያለ እስከ ከተማው ዳር ሲስቅ ነበር።"

ያኔ ለቅሶው ፈነዳ። ተክለጻድቅ ዝም በይ አላላትም፤ አቅፎ እስኪወጣላት እንድታለቅስ ተዋት፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

ክረምቱ ሲወጣ በአባቷ በቅሎ ላይ ከፊቱ አስቀምጧት ቁልቁል ወረዱ። አንድ ወንዝ ሲሻገሩ፣ "እዚህ ጋ አባትሽ አዲስ ልብሱን እንደለበሰ ጭቃ ውስጥ ተዘረረ። ያንኑ ጭቃ እንደተለወሰ ሰርግ ገባ! ሙሽራዋ አይታው ጮኸች" አላት። ብርቄ በሳቅ ፈረሰች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ "ድገመው" አለችው።

ቤሌ ላይ የተቀበላቸው ብሩ ቤቱ ታሞ የሞተበት ገበሬ ቦልቴ ነው። አማርኛውን የለመደው ከነጋዴ ነው።

"ና፣ ግባ ልጄ! አንተ የብሩ ልጅ ነህ። ዓይንህ እሱን ነው!"

"እኔ ሴት ነኝ!" አለች ብርቄ ቆጣ ብላ።

"እሺ፣ ሴት ነህ፤ ግባ" አላት ቦልቴ። ሚስቱ ቅቅል ጎደሬ በቅጠል አድርጋ አቀረበች፤ ብርቄም እጇን እያቃጠላት በላች።

ወደ ማታ መቃብሩ ዘንድ ሄዱ። አፈሩ ላይ ሣር በቅሎበታል።

"ይበርደዋል?" ስትል ጠየቀች።

"የሞተ ሰው አይበርደውም፤ አያመውምም" አላት ተክለጻድቅ።

"ብቻውን ነበር?"

"የለም" አለ ቦልቴ። "እኔ እጁን ያዝኩ። ውሃ አጠጣሁ። ብርቄ፣ ብርቄ አለ።"

ልጅቱ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ለአባቷ ታወራለት ጀመር፦ ጥርሷ እንደወለቀ፣ ላሟ እንደወለደች፣ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳላት። ወንዶቹ ፈንጠር ብለው ጠበቋት። ስትጨርስ ራሷ መጥታ የአጎቷን እጅ ያዘች።

ሶዶ ሲመለሱ ሽታዬ ደጅ ላይ ተቀበለቻቸው። ያን ምሽት እናትና ልጅ አንድ መደብ ላይ ተኝተው ስለ ብሩ ሲያወሩ አመሹ። ሽታዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስሙን ልጇ ፊት ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሙ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። በዓመቱ መስቀል ቦልቴ ሴት ልጁን አስከትሎ ሶዶ መጣ። ሁለቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ አንዷ በወላይትኛ፣ አንዷ በአማርኛ እየተጯጯኹ ሲጫወቱ፣ ተክለጻድቅ በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ያያቸው ነበር።