የእመቤታችን ቆብ

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው። የዚያን የምሕረት በዓል ጠዋት ግን ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴ ኦብሬ የሚባል ሠዓሊ ከፓሪስ በባቡር መጥቶ፣ እዚህ ብሬታኝ በሚባለው የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ፣ ከርሎክ መንደር፣ እኔ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ሰውየው ያየውን አይሥልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የታየውን ነው የሚሥለው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ፣ ከመስቀል የወረደውን ጌታ ጭኗ ላይ ያስተኛች እመቤታችን አድርጎ ሣለኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ መች ይሆንልኛል? ስለ ልጄ ስለ ጉልቨን፣ ስለ መልኩ ሳይቀር አወራለት ነበር። ጉልቨንን ከሦስት ዓመት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር በላብኝ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ሻማ የማበራበት የመቃብር ድንጋይ እንኳ የለኝም። ሥዕሉ ሲያልቅ ነይ እዪ ተባልኩ። የጌታ ፊት የልጄ ፊት ነው! ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ሳቅኩም፣ አለቀስኩም።

ሙሴ ኦብሬ ሥዕሉን ለቤተ ክርስቲያናችን በነፃ እሰጣለሁ አለ። ቄሳችን አባ ኮራንታን ደግሞ ምእመናኑ ካልተስማሙ አልሰቅልም አሉ። ከተሰቀለ ልጄ ማረፊያ አገኘ፤ ካልተሰቀለ ተጠቅልሎ ፓሪስ ይሄዳል። የፊቱን ነገር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በምሕረት በዓሉ ጠዋት፣ ኃጢአታችን እንዲሰረይልን ሰንደቅ ይዘን የምንዞርበት ሰልፍ ሳይወጣ፣ ሥዕሉ ተገለጠ። እኔ የፈራሁት ቀለሙን ነበር። ሣሩ ቀይ፣ የጌታ ገላ ቢጫ፣ መላእክቱ አረንጓዴ ናቸው። ጀልባ ሠሪው ኤርቨ ግን ደም የፈሰሰበት ሣር ታዲያ ከቀይ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል ብሎ ያጉረመረሙትን መለሳቸው። ደስታ ሊገድለኝ!

ከዚያ ካቴል መነጽሯን አደረገች። ካቴል ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዘች፣ ምላሷ አጥንት የሚሰብር አሮጊት ናት።

«ይቺ የፕሉቫን ሴት ናት» አለች።

ቤቱ ተናወጠ። እውነቷን ነው። በዚህ አካባቢ የሴት መንደሯ የሚለየው ራሷን በምትሸፍንበት ቆብ ነው፤ የእኛ ቆብ አጭር ሆኖ ጆሮ ላይ የሚታጠፍ ነው፤ እመቤታችን ያደረገችው ግን ረጅሙን የጎረቤታችንን የፕሉቫንን ቆብ ነው። ከፕሉቫን ጋር ደግሞ በየበዓሉ የማን ሰንደቅ ይቅደም ብለን በዱላ የምንፈነካከት ሰዎች ነን። እኔ የልጄን ፊት ሳይ ቆቡን መች አየሁት!

ሙሴ ኦብሬ ረጅሙ ቆብ ዓይንን ወደ ሰማይ ይመራል አለ። ኤርቨ፣ ታዲያ ወደ ሰማይ የሚኬደው በፕሉቫን በኩል ነው ወይ ብሎ አፋጠጠው። አባ አጭሩን ሣልና ይለቅ ብለው ለመኑት። ሠዓሊው እኔ ቆብ ሰፊ አይደለሁም ብሎ ሥዕሉን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ልጄን ሁለተኛ ሲወስዱብኝ ቆሜ ልይ?

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ መርፌዎቹን ነቃቅዬ ቆቤን አወለቅኩ። እኛ አገር ሴት ራሷን ለባሏ እንኳ አትገልጥም፤ እኔ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ሽበቴን ዘረገፍኩት።

«ልጇ የሞተባት እናት ቆቧን ታስተካክላለች?» አልኩ። «የእኔ የጠፋ ዕለት ቆቤን ከጭቃ ያነሳችሁልኝ እናንተ አይደላችሁም? እንዲህ አድርገህ ሣላት።»

ሙሴ ኦብሬ የቀለም ሣጥኑን ከፍቶ፣ እዚያው ቆሞ፣ ቆቡን አጥፍቶ ሽበቴን ሣለ። ውጭ ደወሉ ይደወላል፣ ሰልፈኛው ይጠብቃል፣ ከውስጥ ግን ንቅንቅ ያለ የለም።

ኤርቨ መሰላል ወጥቶ ከመሠዊያው በስተግራ ሰቀለው። ያኔ ካቴል ተጠግታ የጌታን ፊት ብዙ አየች። ዓይኗ ቅንድቡ ላይ ካለችው ጠባሳ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አለቀልኝ አልኩ፤ የዓሣ አጥማጅ ፊት ለጌታ ተሰጠ ብላ አገር ልታነሳ ነው።

«ኤርቨ፣ ዝቅ አድርገው» አለች።

እሱ ከሩቅ እንዲታይ ነው ብሎ ተከራከራት።

«ስለ ሩቁ ማን ጠየቀህ? የዚህች እጅ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው አልኩህ።»

ዝቅ አደረገው። እኔም የልጄን ግንባር ሳምኩ።