በተሳቢ የምትሄደው መኪና

መኪና በመኪና ተጭኖ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ እስኪያሳየኝ ድረስ። ጎማ አላት፣ ሞተር አላት፣ ቤንዚን አላት። ግን መንገድ ላይ አቧራ አለ ተብሎ ተሳቢ ላይ ትወጣለች፣ በገመድ ትታሰራለች፣ ብርድ ልብስ ትለብሳለች፣ የጭነት መኪና ይጎትታታል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ራሳቸውን የመኪና ወዳጅ ብለው ይጠራሉ። ፈረስ እወዳለሁ የሚል ሰው ፈረሱን በጀርባው ተሸክሞ ቢያልፍ ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን። ለእነዚህ ግን ዋንጫ ይሰጣቸዋል።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። አባቴ የገዛት በወጣትነቱ፣ መሬት ቀያሽ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔ ያገባሁት መኪናዋን ነው፤ አባታችሁ አብሮ መጣ» ትል ነበር። በኋላ ዛገች፤ ጓሮ ተጣለች፤ ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። ከዚያ ውስጥ ያወጣት ወንድሜ ነው። ይህን አልክድም፤ እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ፣ ካወጣት በኋላ ሰው አይንካት ማለቱ ነው። ነጭ ጓንት ሳያጠልቅ በሯን አይከፍትም። አባባ እንኳን ያወጣለትን ስም ትቶ «ጓንቴ» ይለዋል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ ጫማውን ያወልቃል። መስጊድ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ መኪና ነው።

አባባ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንዳት ትቷል። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ ላይ ተቀምጦ፣ ነፋሱ ፊቱን እየመታው፣ አንዴ ረጅም መንገድ መሄድ። ወንድሜ ሁልጊዜ «ከዚህ ትርኢት በኋላ፣ አባባ» ይለዋል። ከትርኢቱ በኋላ ሌላ ትርኢት አለ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ አባባ አንድ ቀን ምሳ ላይ። «የእኔዋማ ቀንዷ ሳይቀር በሰም ይወለወላል።»

ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ሳያልቅ ንዴቴ መጣ። ወንድሜን እዚያው ገበታው ላይ ያዝኩት። ጠበቃ ነኝ፤ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ተቀርቅሮ ሲቀር ማውጣት እንጀራዬ ነው።

«መቼ ነው የምትወስደው?»

«እታለም፣ ትልቁ ትርኢት ደርሷል። አንደኛ ከወጣች ከውድድር አወጣታለሁ። አባባን በእሷ ይዤው ወደ ቤት እመለሳለሁ።»

«ካልወጣችስ?»

«ትወጣለች።»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ቃሉን እንዳያጥፍ እኔም አባባን ይዤ ትርኢቱ ድረስ ሄድኩ።

ሰፊ ሣር ሜዳ ነው። መኪኖቹ በተርታ ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው አጠገባቸው ተንበርክከዋል። አንዱ ቸርኬውን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል። አንዱ ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይዞ የመብራቱን ጠርዝ ያጸዳል። የገዛ ልጁን ጆሮ እንዲህ አጽድቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። ፀሐዩ ከረር ስላለ እኔ ክንዴንና እጄን በቅባት ለቅልቄ ጥላ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ስመለስ አንድ ጥበቃ አባባን እያናገረው ነው።

«አባት፣ መኪናዋን ባይነኩ። ባለቤቱ ይቆጣሉ።»

«ባለቤቱን የወለድኩት እኔ ነኝ» አለ አባባ፣ እጁን ከበሩ ላይ ሳያነሳ። «ቁጣውን ከጡጦው ጀምሮ ለምጄዋለሁ።»

ጥበቃው ግራ ገብቶት ወንድሜን አየው። ወንድሜ ደግሞ በጓንቱ የአባባን እጅ ቀስ ብሎ አንስቶ በሩን ወለወለ። እዚያው ላይ ደሜ ፈላ። ሆኖም ዳኞቹ እየመጡ ነበርና ዋጥኩት።

ዋናው ዳኛ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በአንድ እጁ ባትሪ በሌላው ማጉያ መነጽር የያዘ ሽማግሌ ነው። መኪናዋ ሥር ገባ፤ ወጣ። ኮፈኑን አስከፍቶ አጎነበሰ።

«ይህ ብሎን ከፋብሪካው የመጣው አይደለም» አለ።

«እርስዎስ» አልኩት፣ «ጥርስዎ ከፋብሪካው የመጣው ነው?»

ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ። ዳኛው ግን ሰምቶኝም አልተቆጣም። «አይደለም» አለ፤ «ከእኔም ነጥብ ይቀነሳል። በሉ፣ አስነሷት።»

ወንድሜ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ገባ። ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ተንቀጠቀጠ፤ ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ደገመው። ያው ነው። ሦስተኛ ሲሞክር ከዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መጥረጊያውን ጥሎ መጣ።

«ካንዴላው ነው እሳት ያልሰጠው» አለ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው።

«ካንዴላው ምን አደረገ? ቤንዚኑ ነው አልደርስ ያለው» አለ ጎረቤቱ።

«ባትሪ ነው። ባይሆን ጢሜን ላጩት» አለ አንድ ባለጢም። ካንዴላው ተፈትቶ ታየ፤ ደህና ነው። ቤንዚኑ ይደርሳል። ባትሪውም ሙሉ ነው። ጢሙ ግን እስካሁን ፊቱ ላይ አለ፤ ይህ ዓይነት ሰው መቼ ያፍራል።

ዳኛው ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ «አዝናለሁ» አለ፤ «ያልተነሳች መኪና ለሽልማት አትቀርብም።» ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ። ወንድሜ ኮፈኑን እንደ ሬሳ ሣጥን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት ነው፣ አባባ» አለ።

አባባ በታጣፊ ወንበሩ ላይ ጉልበቱን እያሻሸ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያቺን ፈገግታ ሳይ የዋጥኩት ሁሉ ተመልሶ መጣ።

«የሚቀጥለው ዓመት!» ብዬ ኮፈኑን በመዳፌ መታሁት። «ሰውዬው ስንት ዓመት የሚኖር መስሎህ ነው? ወይስ እሱንም ሰም ቀብተህ ልታቆየው ነው?»

እጄን ሳነሳ ቅባታም መዳፌ ከነአምስት ጣቱ ቀዩ ቀለም ላይ ታትሞ ቀርቷል። ወንድሜ የተናገርኩትን አልሰማም። ዓይኑ የመዳፌ አሻራ ላይ ነው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ቢጫው መወልወያ ጨርቁ የለም። ሌላኛው ኪሱ ውስጥም የለም። የዕቃ ሣጥኑን ከፍቶ አገላበጠ። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለና ፊቱ ልክ እንደ ጓንቱ ነጣ።

ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሮ ተንበረከከ። ከጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ቢጫ ጨርቅ መጎተት ጀመረ፤ እየጎተተ፣ እየጎተተ፣ እንደ አስማተኛ። ለካ ትናንት ሲያጥባት ውሃ እንዳይገባባት ራሱ ወትፎታል። ተሳቢው ላይ የወጣችውም የወረደችውም ተገፍታ ነው። መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን አይረሳም፤ ቱቦውን ለመወተፍም አያስብም።

አባባ «ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ልጅቷን አፍነህ ዘፈን አምጪ ትላለህ?» አለው።

ወንድሜ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። በአንዴ ተነሳች። ድምፁ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም፤ አባባ ግን ሳቁን አቆመ። እኔ ወደ ዳኛው ስሮጥ «ጊዜው አልፏል» አለኝ ዞር ሳይል። ክርክሬን ልጀምር አፌን ስከፍት አባባ ጠራኝ።

«ጠበቃዬ፣ ተይው።»

ተነስቶ ድምፁን እየተከተለ ሄደ። የመኪናዋን ጎን በጣቶቹ እየዳበሰ እስከ ተሳፋሪው በር ደረሰ። በአንድ እጁ በሩን ይዞ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

«ጓንቴ» አለ፣ «ሁለቱንም ነው የማወልቀው?»

ወንድሜ መሪውን እንደያዘ አየው። ተሳቢው ሜዳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ፤ ጓንቱን አውልቆ ሣሩ ላይ ጣለው፤ ተንበርክኮ የአባባን ክር መልሶ አሰረ፤ ከነጫማው ደግፎ አስቀመጠው። የመዳፌን አሻራ ለመወልወል ጨርቁን አነሳ፤ ቢጫው በጥቀርሻ ጠቁሯል። ወርውሮት ገባና ነዳ።

እኔ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ተከተልኳቸው። ባዶ ተሳቢ ስንጎትት፣ ሹፌሩ «የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?» እያለ ይነጫነጫል። የሜዳው መውጫ ላይ ያ ጥበቃ አስቆመን።

«አባት ሲያልፉ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ?» አለኝ። «‹ነክቻታለሁ፤ ባለቤቱም አልተቆጣም› አሉኝ።»

ከፊታችን መንገዱ ሁሉ አቧራ ነበር።