የፋርማሲው አሮጌ ፋይል

የክሊኒካችን መረጃ በሙሉ የሚቀመጠው ቢሮዬ ባለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪውና ፋርማሲው መረጃውን የሚያዩበት የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ይህን ሁሉ የሠራው ባለቤቴ ተክለብርሃን ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ የማሻሽለው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ቅጂ በፍላሽ ይዤ በየክፍሉ ዞርኩ። በአዲሱ ላይ፣ አንድ መድኃኒት የማይስማማው ታካሚ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ በቀይ ይወጣል። ፋርማሲውና ላብራቶሪው ወረፋ ስለበዛባቸው ራሳቸው እንዲገለብጡ ፍላሹን ለፋርማሲው ባለሙያ ለሸምሰዲን ተውኩለት።

«አሮጌውን አጥፍተህ ይህን ገልብጥ።»

«እሺ እትዬ ይመኙሻል። አንቺ ብቻ አታስቢ።»

ማታ እሱም ላብራቶሪዎቹም ገልብጠናል አሉኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የትኛው ክፍል በየትኛው ቅጂ እየሠራ እንደሆነ ከቢሮዬ ተመለከትኩ። ገና መጀመሪያ ያየሁት ፋርማሲው አሁንም በአሮጌው ነው። ደወልኩ፤ አያነሳም። የተስተናገዱትን ሳይ ውዳሴ የምትባል ከኮንጋ የመጣች ሴት አሞክሳሲሊን ወስዳለች። ፔኒሲሊን ጉሮሮዋን ዘግቶት ለጥቂት እንደተረፈች ጠዋት ካርድ ክፍል ሳለሁ የነገረችኝ እሷ ናት፤ መረጃው ላይ ያስገባሁትም እኔ። አሞክሳሲሊን ደግሞ የፔኒሲሊን ዘር ነው።

ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩ።

«ውዳሴ የታለች?»

«አሁን ወጣች፤ ሞተር ልይዝ ብላ። ምነው?»

ከጀርባው ስክሪኑ ላይ አሮጌው ፋይል ሲከፈት የሚወጣው የተክሌ ሰላምታ ነበር፦ «ደህና አደራችሁ። የዛሬውም ታካሚ ዘመዳችሁ ነው።» ዓይኔን ከዚያ አነሳሁ።

«የሰጠሃት መድኃኒት አይስማማትም። ሩጥ።»

ጋውኑን እንደለበሰ ሮጠ። እኔም ተከተልኩ። ሞተሮቹ የሚቆሙበት ስንደርስ ውዳሴ ሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ የሃይላንድ ክዳን ትከፍታለች። እንክብሉ መዳፏ ላይ ነው።

«ምነው ዶክተር፣ ሳትከፍል ነው እንዴ የወጣችው?» አለው ሹፌሩ ሸምሰዲንን፣ ጋውኑን አይቶ።

«ዋጥሽ ወይ?» አልኳት።

«ገና ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ውረጂ፣ ሌላ እንቀይርልሻለን።»

ስንመለስ ሸምሰዲን ቀና ብሎ አላየኝም።

«ላጠፋው ስል የጋሽ ተክሌን ጽሑፍ አየሁ። እጄ እምቢ አለኝ። አንቺም ይከፋሻል ብዬ ገልብጫለሁ አልኩሽ።»

«ሸምሱ፣ ለእኔ አዝነህ ሰው ልናጣ ነበር።»

ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ።

አዲሱን ቅጂ ራሴ ጫንኩለት። ከዚያ መረጃው ያለበትን ፎልደር ስም ቀይሬ አዲሶቹን ቅጂዎች ብቻ ወደዚያ መራኋቸው።

«የጋሼ እንግዲህ አይከፈትም ማለት ነው?»

«ይከፈታል። ሰላም ይልሃል። ታካሚ ግን አያገኝም።»

«ሳታጠፊው በፍላሽ ላስቀርልሽ?»

«ተወው፤ ቅጂው ቤት አለኝ» አልኩና አጠፋሁት። ከዚያ ወደ ላብራቶሪው ሄድኩ። እነሱም ገልብጠናል ብለውኝ ነበር።